የነርስ ጫማ የግል ጉዳይ አይደለም



ዛሬ የምጽፈው ስለ ጫማ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የምትሉ ካላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ከአዳር የወጣች እህት ወይም የወጣ ወንድም ቤታችሁ ውስጥ ካለ እግራቸውን እዩት። ካልሲው ቁርጭምጭሚት ላይ የተወውን ቀለበት፣ የቀላችውን ትንሿን ጣት፣ ያበጠውን የእግር ጀርባ እዩና ተመለሱ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለነርስ ጫማ እንደ ጓንትና እንደ ጋውን የሥራ መሣሪያ ነው። የሥራ መሣሪያ ከሆነ መግዛት ያለበት አሠሪው ነው። አሠሪው እስኪነቃ ድረስ ደግሞ እኛው ራሳችን በሥራ መሣሪያ ዓይን ልንመርጠው ይገባል።

እስቲ ሥራውን እናስበው። መድኃኒት ማዞር፣ ሙቀትና ግፊት መለካት፣ በሽተኛ ማገላበጥ፣ ስትሬቸር መግፋት፣ ላብራቶሪ ደርሶ መመለስ፣ ፋርማሲ ደርሶ መመለስ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ማንከባለል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሥሩ ሲሚንቶ ባለበት ሴራሚክ ላይ ነው። ሴራሚክ ደግሞ እንደ አፈር አይለሰልስም፤ የረገጣችሁበትን ኃይል መልሶ ለተረከዝ፣ ለጉልበትና ለወገብ ይሰጣል። አንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። ያን ሁሉ ጫና የሚሸከሙት እነሱ ናቸው።

ከመራመድ ይልቅ ቆሞ መዋል ለምን እንደሚያደክም ታውቃላችሁ? ደም ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ የሚመለሰው የባት ጡንቻ ሲኮማተር እየገፋው ነው። ስንራመድ ባታችን እንደ ፓምፕ ይሠራል። አንድ ቦታ ስንቆም ፓምፑ ይቆማል፣ ደሙ እታች ይጠራቀማል፣ እግር ያብጣል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ቫሪኮስ የምንለው የደም ሥር መወጣጠር እንዲመጣ ያግዛል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዛችሁን እንደ ምስማር የምትወጋችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ የተጎዳው ከእግር መዳፍ ሥር ያለው ወፍራም ጅማት ነው። ጠፍጣፋና ሶሉ ያለቀ ጫማ ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ መንሸራተት ነው። የእኛ ወለል በቀን ስንት ጊዜ በሳሙናና በበረኪና ይታጠባል? ግሉኮስ ይፈስበታል፣ ማዋለጃ ክፍል ደግሞ ሽርት ውኃና ደም ይፈስበታል። ነርስ ስትወድቅ ብዙ ጊዜ ብቻዋን አትወድቅም፤ የደገፈችው በሽተኛ አለ፣ በእጇ የያዘችው መርፌ አለ። ስለዚህ ጫማው የበሽተኛውም ጉዳይ ነው።

ይህን በወሬ ብቻ አልተውም። እንግሊዝ አገር በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። ከ4,500 በላይ የመንግሥት ጤና ተቋማት ሠራተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን የማያንሸራትት ሶል ያለው ጫማ በነፃ ተሰጠው፣ ሌላው በለመደው ጫማ ሥራውን ቀጠለ። ለ14 ሳምንታት ሲከታተሏቸው፣ ጫማ በተሰጣቸው ዘንድ መንሸራተት በ37 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሥልጠና አልተሰጠም፣ ወለሉም አልተቀየረም። የተቀየረው ጫማው ብቻ ነው።

«ጓንት በሚያልቅበት ሆስፒታል ስለ ጫማ ታወራለህ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ጓንት በየሰዓቱ ይጣላል፣ በየጊዜው ይገዛል። ደህና ጫማ አንዴ ተገዝቶ ወራት ይቆያል። ደግሞም ጓንት ስላነሰ ጫማ ይቅር ማለት፣ ወጥ ስለሌለ እንጀራም ይቅር እንደማለት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እኔ ከሠራሁባቸው በአንዱ ሆስፒታል (ስሙ ይቅር) የደንብ ልብስ ሲታደል ጫማም መጥቶ ነበር። ደስ አለን። ካርቶኑ ሲከፈት ያለው ቁጥር 38 እና 42 ብቻ! 40 የምታደርግ ምን ትሁን? ሶሉ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ እርጥብ ወለል ላይ ሳሙና የረገጣችሁ ነው የሚመስላችሁ። አብዛኛው ሰው ለዘመድ ሰጠው፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ጫማ ተሰጥቷል» ተብሎ ተፈረመ። ጨረታው በዋጋ ብቻ ሲታይና ጫማውን የሚያደርገው ሰው ሳይጠየቅ ሲገዛ የሚሆነው ይህ ነው። ገንዘቡም ወጣ፣ እግራችንም አላረፈ።

ታዲያ ደህና ጫማ ምን ዓይነት ነው? ለራሳችሁም ስትገዙ፣ የግዥ ክፍል ስፔሲፊኬሽን አምጡ ሲላችሁም የሚሆነውን ልዘርዝር።

ፊቱ ድፍን ይሁን። መርፌ ቢወድቅ፣ ደም ቢፈስ ጣታችሁ ላይ እንዳይደርስ ነው። ክሮክስ የምትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቀላል ነው፣ ይታጠባል። ነገር ግን ያ ከላይ ያለው ቀዳዳ ለመርፌም ለደምም በር ነው። ቀዳዳ የሌለውና ከኋላ ተረከዝ የሚይዝ ከሆነ አልቃወምም። ከኋላ ክፍት የሆነ ጫማ ግን «በሽተኛው ልቡ ቆመ» ሲባል ለመሮጥ አይሆንም።

ሶሉ ጎማ ይሁን፣ ጥርስ ይኑረው። ሱቁ ውስጥ ወለሉ ላይ ጠብ የምትል ውኃ አፍስሱና ቆማችሁ ሞክሩት። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እጠፉት። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከታጠፈ ጥሩ ነው። መሀሉ ላይ እንደ ቂጣ እጥፍ ካለ፣ ወይም እንደ ፎጣ ከተጠመዘዘ መልሱት፤ እግራችሁን አይደግፍም።

ተረከዙ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነውም ከፍ ያለውም ለረጅም ሰዓት አይሆንም። ወንድሞች፣ ያ ፊቱ ሹል የሆነው የሱፍ ጫማ ለምርቃት ነው፤ ለአዳር አታምጡት።

ጫማ ለመግዛት ጠዋት አትሂዱ። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ፣ ቢቻል ከሥራ ስትወጡ፣ በምትሠሩበት ካልሲ ሞክሩ። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ። ሁለቱንም እግር ሞክሩ፤ የብዙ ሰው አንዱ እግር ከሌላው ይተልቃል፣ ግዥው ለትልቁ ነው። «እያደረግሽው ይለቃል» የሚለውን የነጋዴ ቃል አትመኑ። ቆዳ ትንሽ ይለቃል፣ ሲንቴቲክ ግን እናንተን ነው የሚያለቅቃችሁ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ እግራችሁ ቁጥር ሊጨምር ስለሚችል የድሮው ጫማ ቢጠባችሁ አትገረሙ።

ሳልባጅ ጫማ ብዙዎቻችን እንገዛለን፤ ከደመወዛችን አንጻር አይፈረድብንም። ስትገዙ ግን ሶሉን ገልብጡት። ተረከዙ በአንድ ጎን ከተበላ የሌላ ሰው አረማመድ ተቀርጾበታልና እናንተንም ያጣምማችኋል። ውስጡ የተነጠፈው ሶል የሚወጣ ከሆነ አውጥታችሁ በአዲስ ቀይሩት።

ሁለት ጫማ ካላችሁ አፈራርቁ፤ ላብ የጠጣ ጫማ በአንድ ሌሊት በደንብ አይደርቅም። እግራችሁ የሚያብጥ ከሆነ ባት ድረስ የሚይዝ ጠባብ የሕክምና ካልሲ ይረዳል። የሆስፒታሉን ጫማ ደግሞ እዚያው ተዉት፤ የዋርድን ወለል ረግጦ የልጆቻችሁን ምንጣፍ አይርገጥ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልመለስ። ሸክሙ የነርሷ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ ባለቤቶች ይህን አንብቡልን። ማንም የፋብሪካ ባለቤት ብየዳ የሚሠራውን ሰው «መነጽርህን ከቤት ይዘህ ና» ቢለው እንስቃለን። ነርስን «ጫማሽን ራስሽ ግዢ» ሲሉ ግን የሚስቅ የለም። የመንግሥት ሆስፒታል ኃላፊዎችም፣ የደንብ ልብስ በጀት ስትይዙ ጫማውን የሚያደርጉትን ሁለት ነርሶች የግዥ ኮሚቴው ውስጥ አስገቡ። ቁጥራችንን መዝግቡ። ከብዛት በፊት ናሙና አስመጡና በእርጥብ ወለል ላይ አስሞክሩ። ይህ ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሊባክን የነበረውን ያድናል።

«ከውጭ ይምጣ እንዴ?» ለምትሉ፣ አንበሳ ጫማ ለወታደር ቦት ጫማ ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ ነው። ሁዋጂያን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዱከም ላይ ለውጭ ገበያ የሴት ጫማ ሲሰፋ ቆይቷል። ለወታደርና ለአሜሪካ ሴት ጫማ የተሰፋባት አገር ለራሷ ነርሶች መስፋት አያቅታትም። የጎደለው «ይህን ይህን እንፈልጋለን» ብሎ በብዛት የሚያዝ ነው። አንድ ሆስፒታል ብቻውን ቢያዝ ዋጋው ሊከብደው ይችላል፤ አሥር ሆስፒታል አብሮ ቢያዝ ይቀላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

እኛም አንፈር። ለበሽተኛ አልጋ፣ ለመድኃኒት፣ ለትራስ እንጮኻለን፤ ለራሳችን እግር ግን መናገር ቅንጦት ይመስለናል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለእግር አይሠራም። በሃያ አምስት ዓመቷ ዝም ያለች እግር በአርባ ዓመቷ በጉልበትና በወገብ ትናገራለች። ያኔ ደግሞ ልምድ ያላት ነርስ ከዋርድ ወጥታ ጠረጴዛ ሥራ ትለምናለች፤ በሽተኛው የሠለጠነ እጅ ያጣል።

የሚቀጥለው የዋርድ ስብሰባ ላይ አጀንዳ ሲጠየቅ እጃችሁን አውጡና «ጫማ» በሉ። ቢሳቅም ይሳቅ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ይጻፍ።

በየሆስፒታላችሁ ያለውን ጻፉልኝ። ጫማ ይሰጣችኋል? ቁጥራችሁን ጠይቀው ያውቃሉ? ለሜትሮናችሁም ላኩላት፤ እሷም ስንት ዓመት የቆመች ናት።

መልካም አዳር ለተረኞች።