ክሎሪን ብሮሚንን ሲያስለቅቅ

«ልጃችን ኬሚስትሪ ሲያጠና እኛ አጠገቡ ተቀምጠን ምን እንረዳዋለን?» የሚሉን ወላጆች በፔታሕ ቲክቫ ብዙ ናቸው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከልጆቹ ደብተር አንዱን ትምህርት መርጠን እናወጋችኋለን። የመረጥነውም ከቤታችሁ የጽዳት ዕቃ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ትምህርቱ አንድ ንጥረ ነገር ሌላውን ከውሕዱ አስለቅቆ በቦታው የሚገባበትን አጸግብሮት ይመለከታል። ይህን የሚያደርጉት ብረቶች ብቻ አይደሉም። ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን ብረት ያልሆኑ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ በሰንጠረዡም ከላይ ወደ ታች በዚሁ ተራ ተቀምጠዋል። ከላይ ያለው ከታች ካለው ይልቅ ኤሌክትሮን የመንጠቅ ኃይሉ ይበልጣል። ስለዚህ ክሎሪን ብሮሚንን ያስለቅቃል፤ ብሮሚን ግን ክሎሪንን አያስለቅቅም። በእኛ ደንብ ታናሽ ለታላቅ ይነሣል፤ በዚህ ቤተሰብ ግን ቀላሉ ከባዱን ያስነሣዋል።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በሙት ባሕር፣ ልጆቹ ያም ሃሜላሕ በሚሉት፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ግራም ገደማ ብሮማይድ አለ፤ በተራ የባሕር ውሃ ግን 0.065 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሰዶም ላይ ውሃው በገንዳ ሆኖ ፀሐይ እየመታው ፖታሹ ከወጣለት በኋላ፣ በቀረው ወፍራም ጨዋማ ውሃ ውስጥ የክሎሪን ጋዝ ይለቀቅበታል። አንድ የክሎሪን ሞለኪውል ከሁለት ብሮማይድ ጋር ሲገናኝ ሁለት ክሎራይድና አንድ የብሮሚን ሞለኪውል ይገኛል። ነጻ የወጣው ብሮሚን በእንፋሎት ይለይና ሲቀዘቅዝ ጥቁር ቀይ ፈሳሽ ይሆናል። ፈረንሳዊው አንቷን ባላርም በ1826 እ.ኤ.አ. በሞንፔሊዬ ብሮሚንን ያገኘው ከጨው ውሃ በክሎሪን አስለቅቆ ነው።

አሁን ወደ ባልዲው እንምጣ። ኤኮኖሚካ የክሎሪን ውሕድ ነው። ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከኖራ ማስለቀቂያው መሲር አቫኒት ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲደባለቅ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ከላይ ያልነው ዓይነት አጸግብሮት አይደለም፤ የሚወጣው ጋዝ ግን ያው ነው። ብሮሚንን ከጨው ውሃ ያስለቀቀ ጋዝ ለሰው ሳንባ አይራራም። በጽዳት ሥራ የተሰማራችሁ እናቶችና እኅቶች፣ በተለይ በጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ፣ ሁለቱን ፈጽሞ አታደባልቁ። አሠሪ «ቶሎ እንዲነጣ ደባልቂው» ቢል እንኳ እንቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ በዚህ ይሉኝታ አያስፈልግም።

አሲድ በዕብራይስጥ ሑምጻ ይባላል። ልጁ ጥናቱን ሲጨርስ ጠርሙሶቹን አምጥቶ ጽሑፋቸውን ያንብብላችሁ፤ ሑምጻ የሚል ያለበትን ከኤኮኖሚካው ለይታችሁ አስቀምጡ። ሳታውቁ ተደባልቆ ከሸተታችሁ ባልዲውን ለመድፋት ሳትዘገዩ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ። ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ለማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ፤ ምን ከምን ጋር እንደተደባለቀም ንገሯቸው።