ሞተሩ ምን አጠፋ?

ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደንበኛውን የሚያውቀው ከእጁ ነው። የቡና ለቃሚ ጣት፣ የማር ቆራጭ መዳፍ፣ ጠመኔ የማይለቀው የመምህር አውራ ጣት። ባለፉት ዓመታት ሌላ እጅ ተጨምሮባቸዋል፤ ጭቃ የደረቀበት፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት፣ ነፋስ የሰነጣጠቀው እጅ። ይህ የሞተረኛ እጅ ነው። የቀን ገቢውን በተጨማደዱ ብሮች ቆጥሮ ያስረክበኛል። ከእነዚህ እጆች አንዱ የታናሽ ወንድሜ ነውና፣ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አንባቢን አላታልልም።

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ሞተር አንድ ኬላ ላይ ተይዞ ሦስት ቀን ሰነበተ። ታርጋ አለው፤ ሊብሬው በስሙ ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን ተከፍሎለታል፤ መንጃ ፈቃዱም በኪሱ ነበር። ከኋላው የነበሩት እናት ኮረሪማቸውን በማዳበሪያ ከረጢት እንደተሸከሙ ወርደው በጭቃው በእግራቸው ቀጠሉ። እኔም ከሥራ ስወጣ ሄጄ ጠየቅሁ።

«ሞተር ተከልክሏል።»

በየትኛው መመሪያ?

«ከላይ ነው።»

ወረቀቱን ማየት ይቻላል?

«ከላይ ነው አልኩ እኮ!»

በካፋ ከላይ የሚመጣው ዝናብ እንኳ ቀድሞ በደመና ያስታውቃል።

ሞተርን በጅምላ የመከልከል ልማድ ትልቁ አርአያ አዲስ አበባ ናት። በ2011 ዓ.ም. በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ የሚመራው የከተማዋ አስተዳደር፣ ከሐምሌ መባቻ ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ብስክሌቶች እንዳይንቀሳቀሱ አገደ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ዝርፊያ ነበር። ዝርፊያው እውነት ነበር፤ ቦርሳዋን የተነጠቀች እኅት እንባም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ሌባው ሳይያዝ ተሽከርካሪው ተፈረደበት፤ ከሌባው ጋርም ስንት ሠርቶ አዳሪ አብሮ ተቀጣ። ያን ሰሞን በገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ እንዲህ ብዬ ሞነጫጨርኩ፤

ሌባ በእግሩ ሲያመልጥ፣ እግሩን ማን ከሰሰ፤
በሞተር ሲያመልጥ ግን፣ ሞተር ተወቀሰ።

ያቺው አዲስ አበባ ዛሬ ምሳዋን በፈቃድ በሚሠሩ ሞተረኞች ታስመጣለች። ፈቃድ ሰጥቶ መቆጣጠር የሚቻል ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቃል ለምን «ክልክል ነው» ሆነ?

ደግሞስ ካፋ አዲስ አበባ ናትን? እዚያ ሞተር ቢቀር አውቶቡስ አለ፣ ታክሲ አለ፣ ባቡርም አለ። እኛ ዘንድ ከጅማ ቦንጋን አልፎ ወደ ሚዛን ከሚዘልቀው አስፋልት ወጣ ያለ ሰው ከጭቃና ከዳገት ጋር ብቻውን ይቀራል። ወደ ዴቻ፣ ወደ ጌሻ፣ ወደ ሳይለም ገጠሮች ክረምት ላይ የሞከረ ያውቀዋል። ዝናቡ ለበጋም ብዙ አይተርፈውም። መኪና በሰጠመበት የሚያልፈው በፊት በቅሎ ነበር፤ አሁን ሞተር ነው። ታማሚን ከቃሬዛ ያወረደው፣ ክትባትን ከጤና ኬላ ያደረሰው፣ የገበሬውን ቡና ሳይሻግት ለገበያ ያበቃው እርሱ ነው። በቅሎ የሌባ መሸሻ ሆናለች ተብላ በአዋጅ የታገደችበትን ዘመን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሌላም ነገር አለ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦልናል፤ በየስብሰባው እንኮራበታለን። ታዲያ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ኮረብታ ሳይናድ፣ በአንዲት ቀጭን መንገድ ሰውን ከገበያና ከሐኪም የሚያገናኝ ከሞተር የተሻለ ምን አለ? ደኑን እንጠብቅ የሚል አንደበት ሞተሩን እንሰር ሲል ይገርመኛል።

ሞተረኛውን ጻድቅ አላደርገውም። በአንድ ሞተር ሦስትና አራት ሰው ሲጫን በየቀኑ አያለሁ፤ ጢሙ ያላቀነቀነ ልጅ ዳገቱን ሲያስጮኸው እሰማለሁ። ወንድሜም ቢሆን ሄልሜቱን የሚያንጠለጥለው ክርኑ ላይ ነው፤ አደጋ ቢመጣ በክርኑ የሚያስብ ይመስል። በሄልሜት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠናቀረው የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ያስረዳል። እነሆ እውነተኛው የመንግሥት ሥራ! ታዲያ በዚያ ኬላ በሦስቱ ቀናት ውስጥ ስለ ሄልሜት የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሞተሩን ወሰዱ፤ ጭንቅላቱን ግን ረሱት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነትን፣ በአንቀጽ 41 የመረጡትን ሥራ ሠርቶ የመኖርን መብት ደንግጓል። መብት ገደብ የለውም አልልም፤ ገደቡ ግን የሚነበብ ይሁን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለአስተያየት ክፍት እንዲያደርጉ፣ የጸደቀውንም ለሕዝብ እንዲያደርሱ ያዛል። ለፌዴራሉ የታሰበ ጨዋነት ለእኛ ለምን ይበዛብናል? ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ቦንጋ ናት። «ከላይ» የሚባለው ቦታ እንግዲህ እንደ ድሮው ሐዋሳ አይደለም፤ ከባንካችን በእግር የሚደረስ ሰፈር ነው። ወረቀቱ ካለ ይለጠፍልን።

ሌሎችስ? ሌጎስ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. በብዙ ሰፈሮቿ ሞተር ታክሲን አገደች፤ በ2022ም እገዳውን አሰፋች። በኪጋሊ ግን ሞተረኛው በማኅበር ተደራጅቶ፣ የሥራ ሰደርያ ለብሶ፣ ለተሳፋሪው ጭምር ሄልሜት ይዞ ይሠራል። እኔ ኪጋሊን እመርጣለሁ። ጥንት የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ጉድጓድ ከብበው በበሮቹ ላይ ዘብ ያቆሙ ነበር፤ ያ ግን በባዕድ ወራሪ ላይ እንጂ ኮረሪማ በያዘች እናት ላይ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ሞተሩ ያለ ቅጣት፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ማብራሪያ ተመለሰ። ሰንሰለቱ በዝናብ ዝጎ ነበር። ወንድሜ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ሞላበትና ለማስነሳት ደጋግሞ ረገጠው።

«ሄልሜትህስ?» አልኩት።

«ይኸው ጋሼ» አለኝ፤ ክርኑን አንሥቶ እያሳየኝ።