ሻንጣችን ስለምን አይከርምም?

ፍልስፍናና ታሪክ ሳለ ስለ ሻንጣ መጻፍ ከአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በነዚህ ገጾች ላይ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ዓላማ፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ ባህል ሲከራከሩ ደስ እያለኝ አነባለሁ። ነገር ግን ከመካከላችን ከሩቅ አገር የመጣው ሁሉ ወደዚህ ግቢ የገባው ሐሳቡን በራሱ፣ ንብረቱን ደግሞ በሻንጣው ይዞ ነው። ሐሳቡ የተጣመመ እንደ ሆነ መምህራኑ ያቃኑለታል፤ ሻንጣው ሲሰበር ግን የሚያቃናለት የለም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ከኪሳችንና ከወላጆቻችን ድካም ጋራ የተያያዘ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት በጅማ ነው። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ የጊቤን በረሃ አቋርጦ ያልፋል። መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ እናቴ ከጓሮዋ ቡና ሽያጭ ቀንሳ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ጎማ ሻንጣ ገዛችልኝ። «ልጄ ከሰው በታች ሆኖ አይታይ» ብላ ነው። በውስጡ ልብሴን፣ ሽሮና በርበሬዬን፣ በጠርሙስ የተሞላ ንጥር ቅቤ፣ እንዲሁም የ12ኛ ክፍል ማስረጃዬን ከተትሁ። አዲስ አበባ ደርሰን ረዳቱ ከአውቶቡሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ቁልቁል ሲለቀው ዚፑ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ ጠርሙሱም ተሰበረ። በማግስቱ ለምዝገባ ማስረጃዬን ሳቀርብ የተቀበለኝ ሰው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ይህ የትምህርት ማስረጃ ነው ወይስ የምጣድ ማሰሻ?» አለኝ። ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆኖም ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

በዚያን ዕለት ጥፋቱን ሁሉ በረዳቱ ላይ ጥዬው ነበር። ነገር ግን ከኔው ሻንጣ አጠገብ የአንድ ሽማግሌ አሮጌ የቆዳ ሻንጣ ከዚያው ጣራ፣ በዚያው እጅ ተወርውሮ ወድቆ ነበር። ምንም አልሆነም። ሽማግሌው የሻንጣቸውን አቧራ አራገፉና ትርፍ ገመድ አውጥተው የኔን አብረውኝ አሰሩ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ ሻንጣ ስትገዛ ሆዱን ሳይሆን አፉን እይ» አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሻንጣ ይዣለሁ፤ የሳቸውን ቃል በሚገባ የተረዳሁት በሦስተኛው ነው።

እውነትም ሻንጣ የሚሞተው በትልቁ አካሉ አይደለም። ሰፊው ጨርቁ ተቀዶ የተጣለ ሻንጣ ስንት አይታችኋል? የሚጣለው ዚፑ ስለ ላላ፣ እጀታው ስለ ተነቀለ፣ ስፌቱ ስለ ተተረተረ ወይም ጎማው ስለ ወለቀ ነው። ብዙ ሠሪም ይህን ያውቃል። ገዢ በዐይኑ የሚያየው ጨርቁንና ቀለሙን በመሆኑ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያፈሳል፤ ከማይታየው ክርና ከማይመረመረው ዚፕ ላይ ግን ይቆጥባል። እኛም በቀለሙ ተማርከን እንገዛለን። እንግዲህ አካሎቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

ዛሬ የምናውቀው ዚፕ መልኩን የያዘው በስዊድን ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው መሐንዲስ ጌዲዮን ሰንድባክ በ1913 እ.ኤ.አ. በፈጠረው ዓይነት ነው። ከጥርሶቹ ይልቅ ቶሎ የሚያልቀው የዚፑ ራስ፣ ማለት በጥርሶቹ ላይ እየሄደ የሚያገጣጥማቸው ትንሽ ብረት ነው። ሻንጣው ከልክ በላይ ሲታጨቅና አቧራ ሲገባበት የዚህ ብረት ውስጡ እየተፋቀ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ጥርሶቹን አጥብቆ ማገጣጠም ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ ፊቱን ስንዘጋው ከኋላው ይከፈታል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሻንጣውን ይጥላል። ነገር ግን ራሱን ከሁለት ጎኑ በፒንሳ ቀስ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያድነዋል፤ ካልሆነም ራሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። በጀርባው ላይ አብዛኛውን ጊዜ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ይኸውም የተገጠሙት ጥርሶች ስፋት በሚሊ ሜትር ሲገመት ነው። ለደብተር ቦርሳ 5 ቁጥር ይበቃ ይሆናል፤ 25 ኪሎ ለሚሸከም ትልቅ ሻንጣ ግን 5 ቁጥር ዚፕ ማድረግ በሬን በድር እንደ ማሰር ነው።

ስለ ጎማው ደግሞ ታሪኩ ራሱ ይነግረናል። በርናርድ ሳዶ የተባለ አሜሪካዊ ለባለ ጎማ ሻንጣ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ሮበርት ፕላዝ የተባለ አውሮፕላን አብራሪ ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. ቆሞ በረጅም እጀታ የሚጎተተውን ዓይነት አወጣ። እነዚህ ሰዎች በዐይነ ሕሊናቸው የነበረው የአውሮፕላን ጣቢያ ልሙጥ ወለል ነው። የኛ ግቢ መንገድ ግን ኮብልስቶን ነው። ከዋናው በር እስከ ማደሪያው ሕንጻ ድረስ ሻንጣውን የሚጎትት አዲስ ተማሪ ከሩቅ ይሰማል፤ ትንንሾቹ ጎማዎች በድንጋዩ ላይ እንደ ሽምብራ ቆሎ ይንጣጣሉ። ስለዚህ ጎማው ተለቅ ያለ፣ በብሎን የታሰረና ሲያልቅ ተፈትቶ የሚለወጥ ካልሆነ፣ ሻንጣውን ተሸክመን ብንሄድ ይሻለናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለን ግን «ሌዘር» እየተባለ የሚሸጠው ነገር ነው። ከዚህ የሚበዛው ቆዳ ሳይሆን በጨርቅ ላይ የተለበጠ ፖሊዩረቴን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ብዙው ዓይነት እርጥበት ባለበት ሲኖር ውሃው የፕላስቲኩን ውስጣዊ ሰንሰለት ቀስ በቀስ ይበጣጥሰዋል፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ይሙለጨለጫል፣ ቀጥሎም ይላጣል። ይህም የሚሆነው ሻንጣው ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ያለ ሥራ ተቀምጦም ሳለ ነው። ሁለተኛው ሻንጣዬ እንዲህ ያለ ነበር። ለክረምት ዕረፍት ይዤው ወደ ጅማ ስሄድ እናቴ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አኖረችው። የጅማ ዝናብ የታወቀ ነው። በመስከረም ልትሰጠኝ ስትፈታው ልባሱ በእጇ ላይ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁብህ» ብላ አዘነች። አይደለሽም፣ የዕቃው ጠባይ ነው ብዬ ብነግራትም አላመነችኝም። ድሃ ሰው የገዛው ዕቃ ሲበላሽ ሠሪውን ከመክሰስ ይልቅ ራሱን ይከሳል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ከዚፑና ከጎማው ይልቅ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ለኛ አገር እንግዳ ትምህርት አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚያዙበትን ማኅደር ተመልከቱ። ቃሉ ማደሪያ ማለት ነው፤ የመጽሐፍ ማደሪያ። ከወፍራም ቆዳ ተቆርጦ፣ በጠፍር ተሰፍቶ፣ ማንገቻው ከራሱ ከቆዳው ወጥቶ የሚሠራ የመንገድ ዕቃ ነው። ዚፕ የለው፣ ጎማ የለው፣ ልባስ የለው። ሲላላ ጠፍሩን መለወጥ ነው፤ ሲደርቅ ቅባት ማስነካት ነው። የብራና መጻሕፍት ከነማኅደራቸው ብዙ ዘመን መቆየታቸው በተአምር አይደለም። የሚያልቀው ክፍል ሁሉ ባገሬው እጅ ሊታደስ እንዲችል ሆኖ ስለ ተሠራ ነው። አገልግሉም፣ ስልቻውም እንደዚሁ ነው። ይህን ስል ግን ሁላችን ስልቻ ተሸክመን እንምጣ ማለቴ አይደለም። ናይሎን ቀላልና ጠንካራ ነገር ነው፤ ዝናብንም ከቆዳ ይልቅ ይችላል። ከአባቶቻችን ልንወስድ የሚገባን ዕቃውን ሳይሆን መርሑን ነው፤ ይኸውም የማይጠገን ነገር አይከርምም የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው፣ «ጥፋቱ የአጓጓዡ ነው፤ ካሣ ይክፈል» የሚል ነው። አጓጓዥ የሰውን ንብረት እንደ ድንጋይ መወርወር እንደማይገባው አልክድም። ነገር ግን ሕጉም ቢሆን የሻንጣውን ጠባይ ይጠይቃል። ለዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የወጣው ስምምነት ጉዳቱ ከሻንጣው ከራሱ ጉድለት የመጣ በሆነ መጠን አየር መንገዱ ተጠያቂ አይሆንም ይላል፤ ለደረሰው ጉዳትም ሻንጣውን በተረከቡ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እኅቶቻችን ይህን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ያም ሆነ ይህ ደካማ ሻንጣ የያዘ ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ግማሹን ተረትቶ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ጥሩ ሻንጣ ውድ ነው፤ ተማሪ ከየት ያመጣል?» ይሉኛል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ሻንጣ 1,500 ብር ሆኖ አንድ ዓመት ቢያገለግል፣ ሌላው 4,000 ብር ሆኖ ስምንት ዓመት ቢያገለግል፣ ርካሹ በዓመት 1,500፣ ውዱ በዓመት 500 ብር አስወጣ ማለት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ነገር ግን 4,000 ብር በአንድ ጊዜ የሌለው ሰው በዚህ ሂሳብ ሊጠቀም አይችልም። ድህነት ከሚያስከፍለን ግብር አንዱ ይህ ነው፤ ርካሹን ደጋግሞ ማስገዛት። ስለዚህ «ጥሩውን ግዙ» ብሎ መምከር ብቻውን ባዶ ምክር ነው። ይልቅስ ባለን ገንዘብ የሚጠገነውን መርጠን የምንገዛበትንና የገዛነውን የምናስጠግንበትን መንገድ መፈለግ አለብን።

ምርጫው ዕውቀት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በገበያ ላይ ቆመን ዚፑን ዐሥር ጊዜ ከፍተን እንዝጋ፤ በማዕዘኑ ላይ ከተያዘ ያን ሻንጣ እንተወው። ገበሩን ገልጠን ስፌቱን እንይ፤ እጀታውና ማንገቻው ከሻንጣው በሚገናኙበት ቦታ በድርብ ስፌት ካልተያዙ ከባድ ዕቃ አይችሉም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ለቅሜአለሁ፣ ያውም በርበሬ ከቅቤ ጋራ። ሦስተኛውን ሻንጣዬን የገዛሁት በዚህ መንገድ ነው። ቀለሙ አያምርም፣ ጎማም የለውም። እጀታው አንድ ጊዜ ቢላላ ከግቢው በር ውጭ የሚቀመጥ ጫማ ሰፊ በወስፌና በሰም በተቀባ ክር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሰፍቶልኛል። ዋጋውም ከአንድ ምሳ አልበለጠም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አገራችን በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀደምት ናት። የደጋ በጋችን ቆዳ ለእጅ ጓንት፣ የባቲ ፍየል ቆዳም በስሙ ተጠርቶ በውጭ አገር ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ሆኖም በቅርብ ዓመታት በበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ በየመንደሩ ቆሻሻ ላይ ተጥሎ እናያለን። እኛ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከውጭ የመጣ፣ ቆዳ የሚመስል ፕላስቲክ ልንገዛ እንወጣለን። ቆዳውን ጥሎ የቆዳውን ምስል መግዛት ምን ይባላል? ይህን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ቢያብራሩልን ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ግን ለተማሪዎች ማኅበር ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ፣ ተማሪ ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ባለው ሳምንት፣ ማኅበሩ ሁለት ጫማ ሰፊዎችን ጋብዞ በግቢው ውስጥ አንድ ጥላና አንድ ወንበር ይስጣቸው፤ የዚፕ ራስ፣ ጠንካራ ክርና ብሎን በጅምላ ገዝቶ በዋጋው ያቅርብላቸው። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለው ዕቃ በመርካቶ እንደማይጠፋ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ተመራቂዎች ሲሄዱ ጥለዋቸው የሚሄዱትን ሻንጣዎች ማኅበሩ ሰብስቦ፣ አስጠግኖ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ዕቃቸውን አስረው ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች ይስጥ። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ፈቃድና አንድ ክፍል መጋዘን ይበቃል። መጋዘኑ ደረቅ ይሁን እንጂ!

ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ዓመት ከአውቶቡስ የሚወርድ አዲስ ተማሪ ይኖራል። ሻንጣው ተከፍቶ ንብረቱ መሬት ላይ የተበተነ እንደ ሆነ አትሳቁበት፤ ገመድ ስጡት። ከዚያም የሽማግሌውን ቃል ንገሩት።