ዓይነ ስውሩን ከበረዶው ማን ከለከለው?

«ዓይነ ስውር በስኖውቦርድ ይወዳደር» ሲባል የብዙው ሰው የመጀመሪያ መልስ ሳቅ ነው፤ ሁለተኛው «አደጋ አለው» የሚል ምክር። ሳቁን እንተወው። ምክሩን ግን እንመርምረው፤ ክልከላ ብዙ ጊዜ የአሳቢ ልብስ ለብሶ ይመጣልና።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስኖውቦርድ ፓራሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 በሶቺ ነው፤ ያኔ የተወዳደሩት የእግር ጉዳት ያለባቸው ነበሩ። በ2018 በፒዮንግቻንግ የእጅ ጉዳት ላለባቸውም መደብ ተከፈተ። ለዓይነ ስውሩ ግን በሩ እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ምክንያቱ አደጋ ከሆነ ስኪውን ምን ልንለው ነው? ዓይነ ስውራን በመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ፣ በ1976 በስዊድን፣ በስኪ ተወዳድረዋል። ዛሬ የተራራ ቁልቁለት በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ይወርዳሉ። መሪው ከፊት ይቀድማል፤ በጆሮ ማዳመጫ «ግራ! ቀኝ!» ይላል፤ ተከታዩ ድምፁን ይዞ ይታጠፋል። ሁለቱም ሜዳሊያ ያጠልቃሉ። ስሎቫኪያዊቷ ሄንሪየታ ፋርካሾቫ ከመሪዋ ከናታሊያ ሹብርቶቫ ጋር በ2018 ብቻ 4 ወርቅ ወስዳለች። በመሪ መወዳደር ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያየሽ ጌቴ በ2024 በፓሪስ የ1,500 ሜትር ወርቋን ያመጣችው ከመሪዋ ጋር ሮጣ ነው።

«ስኖውቦርድ ሌላ ነው» ይሉናል። አዎን፣ ሁለት እግር ከአንድ ሳንቃ ጋር ታስሮ፣ ሰውነት ወደ ጎን ዞሮ ነው የሚወረደው። ይሁንና ተንሸራታቹ በእግሩ ጣቶች በኩል ሲታጠፍ ፊቱ ወደ ተራራው፣ ጀርባው ወደ ቁልቁለቱ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት ዓይናማውም ቢሆን እግሩን ማመን ግድ ይለዋል። ዓይነ ስውሩ የሚሠለጥነውም ይህንኑ ነው፦ ክብደቱን ከተረከዝ ወደ ጣት ማሻገር፣ የሳንቃው ጠርዝ በረዶውን ሲነክስ በእግሩ መለየት፣ ከመሪው ቃል ጋር እስኪዋሃድ ሺህ ጊዜ መደጋገም።

ስኖውቦርድ ክሮስ የሚባለው፣ ብዙ ሰው እየተጋፋ የሚወርድበት ውድድር፣ ከነመሪው ለሚመጣ ዓይነ ስውር ይከብዳል ቢሉ እንቀበል። ባንክድ ስላሎም የሚባለው ግን እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚፋለምበት ነው። የሚጋጨው፣ የሚጋፋው ተቀናቃኝ የለም። እዚህ ላይ መሪ ቢቀድም ማን ይጎዳል?

«ተወዳዳሪው ጥቂት ነው» የሚል መልስም አለ። ድግስ ሳይደግሱ እንግዳ አልመጣም ብሎ መክሰስ ይሏል ይህ ነው! ውድድር ከሌለ ማን ገንዘቡን አውጥቶ ያሠለጥናል? ማንስ መሪ ሆኖ ዓመታቱን ይሰጣል? ደንቡን ትቶ ዓይንን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

መጀመሪያ አንድ ባንክድ ስላሎም ይከፈትላቸው። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይፍረድ።