ዘበኛውን እንቀስቅሰው!

የታቦር ሠፈር ልጆች!

የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የሥራ ማመልከቻውም፣ የዕድሩ መዝገብም የሚታተመው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አንዱ ፍላሽ ሲነቀል ሌላው ይሰካል። ቤት ገብተን ስንከፍተው ፎልደሮቻችን ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይጠብቁናል። «ፋይሌ ጠፋ!» ብለን ፎርማት እናደርገዋለን። ፋይሉ ግን ፍላሹን ፎርማት እስክናደርግ ድረስ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፤ ቫይረሱ ደብቆት በቦታው ወጥመድ አስቀምጧል። ሾርትከቱን የከፈተ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል።

ዘበኛ አጥተን አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባል አንቲቫይረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከኮምፒውተሩ ጋር ይመጣል። ያስተኛነው እኛው ነን! ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ስንጭን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋው» ይሉናል፤ እናጠፋለን፤ መልሶ የሚያበራው የለም። ዘበኛውን ካላስተኛችሁልኝ አልገባም የሚል እንግዳ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?

አፕዴቱንም «ዳታ ይበላል» ብለን ዘጋነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒውተሮችን እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕሙማን ቀጠሮ ሰርዘዋል። ማርከሻው ግን ሁለት ወር ያህል ቀድሞ በአፕዴት ወጥቶ ነበር።

አንድ ቤት ብቻውን ቢያጸዳ ቫይረሱ በጎረቤት ፍላሽ ይመለሳል። ስለዚህ ደቦ እንውጣ!

የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች፣ የደንበኛን ፍላሽ ስካን ሳታደርጉ አትክፈቱ። ሾርትከት ስታዩም አትንኩት፤ ለባለቤቱም ንገሩት።

ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በሠፈራችን ውጡ። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱ፤ የጠፋውን ጥበቃ አብሩ፤ ክራኩን አውጡ፤ አፕዴቱን ልቀቁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷልና፣ አቅሙ የሚፈቅደውን ኮምፒውተር ወደ 11 አሻግሩት።

የዕድር ጸሐፊዎች፣ የመዝገባችሁን ሁለተኛ ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ ያዙ። ዘበኛም አንዳንዴ ይሸነፋል፤ ያን ጊዜ የሚያድነን ይህ ቅጂ ነው።

ሠፈራችን ስሙን የሚጋራው ከደብረ ታቦር በዓል፣ ማለትም ከቡሄ ጋር ነው። ለሙልሙል ደጅ ለደጅ መዞር እናውቅበታለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ዘበኛውን ለመቀስቀስ እንዙር!