ጉሎው ከአጥሩ ሥር፣ ዘይቱ ከባሕር ማዶ!

ዛሬ ስለ ጉሎ ላወራችሁ ነው። “ደግሞ የጉሎ ምኑ ይወራል?” እንዳትሉኝ። ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ቆዳ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት አለቃችን “ሥራ የለም፣ ዘይቱ ገና ጅቡቲ ነው” አሉን። ዘይት የሚሉት የቆዳ ማለስለሻውን ነው፤ እኛ ፋትሊከር የምንለውን። በዶላር የሚገዛ ነው። ዶላር ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። እኛም አሥራ አምስት ቀን ቤታችን ተቀመጥን። ከግቢው ስወጣ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከአጥሩ ሥር ከሰው ቁመት በላይ የበቀለ ጉሎ ፍሬው እየፈነዳ መሬት ላይ ይረግፋል!

ምን አገናኛቸው? ይኸውላችሁ። ቆዳ ዘይት ካልጠጣ ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ዘይትና ውኃ ደግሞ አይስማሙም፤ ዘይቱ ወደ እርጥቡ ቆዳ የሚገባው ከውኃ ጋር ሲታረቅ ብቻ ነው። ማስታረቂያው ከጉሎ ይሠራል። በጉሎ ዘይት ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ቀስ እያሉ መጨመር፣ እንዳይግል እያቀዘቀዙ ማማሰል፣ በጨው ውኃ ማጠብ፣ የቀረውን አሲድ በኮስቲክ ሶዳ ማብረድ። በቃ! ያን ጊዜ ዘይቱ ከውኃ ጋር ይዋሃዳል።

ይኼ አዲስ ግኝት አይደለም። “የቱርክ ቀይ ዘይት” እየተባለ በአውሮፓ የጨርቅ ማቅለሚያ ቤቶች ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተሠርቶበታል። ሳሙና በጨዋማና በአሲድ ውኃ ውስጥ ሲረጋ እሱ ይቋቋማል። ለዚህም ነው ጨርቃ ጨርቁም ቆዳውም የሚፈልገው። ጉሎ የተመረጠውም ያለምክንያት አይደለም፤ ከዘይቱ ከመቶ 85 እስከ 90 እጁ ሪሲኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሰልፈሪክ አሲዱ የሚይዝበት እጀታ ያለው።

ለመሆኑ ጉሎን የሚያውቀው ማነው? እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ያሟሹበታል። ቆዳ አልፊዎቻችንም ፋብሪካ ሳይመጣ ያውቁታል። የዘሩ አገር ይኸው የኛ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። የዓለምን ገበያ የያዘችው ግን ህንድ ናት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼ ነው!

“አሲዱስ?” የሚል አይጠፋም። ለሰልፈሪክ አሲድ አዋሽ መልካሳ ላይ ፋብሪካ ተተክሎለታል። እኔ ግን በሠራሁባቸው ዓመታት አገር ውስጥ የተሠራ አንድ በርሜል ማለስለሻ አላየሁም።

ችግሩ የእውቀት አይደለም። ገበሬው ገዢ ስለሌለ ጉሎ አይዘራም። ዘይት ጨማቂው ጉሎ ስለሌለ አይጨምቅም። ፋብሪካው “ከየት ላምጣ?” እያለ ከውጭ ያስመጣል። ባለሥልጣኖቻችንስ? “ተኪ ምርት፣ ተኪ ምርት” እያሉ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንዱ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 በላይ ዘለለ። የዚያ በርሜል ዋጋ የት እንደደረሰ አስቡት።

ጉሎ ችግር የለውም አልልም። ፋጉሎው ሪሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ በሙቀት ሳይከሽፍ ለከብት አይሰጥም። ፋብሪካ የሚፈልገውን ኬሚካል ሁሉም አይተካም። ክሮሙ፣ ቀለሙ ከውጭ መምጣቱ አይቀርም። ሁሉን መተካት አንችልም ተብሎ ግን የሚቻለው ይቅር?

የምጠይቀው ቀላል ነው። መንግሥት ቆዳ ፋብሪካዎችንና የገበሬ ማኅበራትን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ። ዋጋው ከመዝራት በፊት ይታወቅ። ጥራቱን የሚፈትሽ ላቦራቶሪ ይመደብ። ዘይቱ ጅቡቲ በቀረ ቁጥር ወደ ቤቱ የሚባረረው ባለሥልጣን አይደለም፤ ሠራተኛው ነው።

ጉሎው አሁንም ከአጥሩ ሥር ይረግፋል። ጆሮ ያለው ይስማ!