ኮድ መጻፊያውን እንደ ቤታችን እንምረጥ



በሶዶም ሆነ በሃላሌ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ወንድምና እህቶች አሉን። ወላጅ ተቸግሮ የገዛው ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ደክሟል፤ ልጆች በየተራ ይሠሩበታል። ሊኑክስ በነጻ ስለሚገኝና ለአሮጌ ማሽን ስለሚስማማ ይጫንበታል። ከዚያ «ኮዱን በምን እንጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ጓደኛ የያዘውን መያዝ ቀላል ነው። ነገር ግን «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባላልና፣ ምርጫውን በሦስት ነገሮች እንመዝነው።

አንደኛው መብራት ነው። ባትሪው በማይሠራ ላፕቶፕ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሁለት ሰዓት ድካም አብሮ ይጠፋል። ኡቡንቱን ከመሰሉ ሊኑክሶች ጋር የሚመጣው ናኖ ለጀማሪ እጅግ ቀላል ነው፤ ዋና ዋና ትእዛዞቹ ከስክሪኑ ግርጌ ይታያሉ። ሆኖም እናንተ ሴቭ ካላደረጋችሁ እሱ በየጊዜው አያስቀምጥላችሁም። ቪም ግን 200 ሆሄ ሲጻፍ ወይም እጃችን ለ4 ሰከንድ ሲያርፍ በመጠባበቂያ ፋይል ይመዘግባል። ኢማክስም 300 ሆሄ ያህል ሲጻፍ ወይም 30 ሰከንድ ያህል ሲታረፍ እንዲሁ ያደርጋል። መብራቱ ሲመለስና ፋይሉ ሲከፈት የተረፈውን ማምጣት እንደሚቻል ይነግሩናል።

ሁለተኛው የማሽኑ አቅም ነው። ማይክሮሶፍት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪኤስ ኮድ ስህተትን ይጠቁማል፤ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍንም ይጠብቃል። ይሁን እንጂ የተሠራው በኢንተርኔት ማሰሻ ሞተር ላይ ስለሆነ ሜሞሪ ይበላል። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው መልካም ነው፤ 2 ጊጋባይት ብቻ ላለው ግን ሸክም ነው። ቪምና ኢማክስ በጥቁሩ ተርሚናል ውስጥ በጥቂት ሜሞሪ ይሠራሉ።

ሦስተኛው ፊደል ነው። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የተለየ ዝግጅት አይፈልግም። አማርኛ ለሚጽፍ ግን ኢማክስ የቆየ ወዳጅ ነው፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፣ በ1997 የወጣው 20ኛው እትሙ ፊደላችንን ይጽፍ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ የአማርኛው ኪቦርድ ሳይዘጋ ኮድ ከተጻፈ በላቲኑ ነጠብጣብ ፈንታ «፤» ይገባና ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል። ብዙ ጀማሪ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ያመሻል።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት በናኖ ጀምሩ፤ በየጥቂት መስመሩ ሴቭ አድርጉ። ቀጥሎ ከቪም ጋር የሚገኘውን ቪምቲዩተር የተባለ መለማመጃ ክፈቱ፤ 30 ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል። ቪምን የደረሰው ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር በ2023 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ ፕሮግራሙን በነጻ እየሰጠ፣ ተጠቃሚዎቹን በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዱ ይጠይቅ ነበር። ከዕውቀቱ ሌላ ይህም ትምህርት ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ በጥቁር ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትቆጡ፤ ምን እየጻፈ እንደሆነ ጠይቁት። ወጣቶች ሆይ! አንዱን መርጣችሁ ቢያንስ ለአንድ ወር ጽኑበት። መጻፊያ በየሳምንቱ የሚቀያይር ሰው መጻፊያ እንጂ ፕሮግራም አይማርም።